ባንክ ሲወድቅ፦ ከአርብ ማታ እስከ መጨረሻው ጨረታ

አሜሪካ ውስጥ ባንክ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ አርብ ማታ ነው። ደንበኛው ወጥቶ፣ ሠራተኛው ሳጥኑን ቆጥሮ ሊሄድ ሲል የመንግሥት ሰዎች ይገባሉ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት ያው በር ይከፈታል፤ መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆችም ያው የምታውቋቸው ናቸው። ባንኩ ግን የለም።

ማርች 12 ቀን 2023 የመፃጉዕ እሁድ ነበር። የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከተዘጋ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የሕንፃ ኮሚቴያችንን ገንዘብ ያዥ አስቁመው "ልጄ፣ የእኛስ ገንዘብ ደህና ነው?" አሉት። እሱም "እማማ፣ አይስጉ፣ መንግሥት ዋስ ነው" አላቸው። አልዋሸም። ግን ምእመኑ በዓመታት ያዋጣው 612 ሺህ ዶላር በአንድ ባንክ፣ በአንድ ሂሳብ ነበር የተቀመጠው። ዋስትናው ከዚያ ውስጥ የሚሸፍነው 250 ሺውን ብቻ ነው። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ፤ ይህን ያወቅኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስከታተል ቆይቻለሁ። ባንክ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ፣ ንብረቱ የት እንደሚገባ፣ እናንተስ በየደረጃው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ዋሱን እወቁት

የፌዴራል ተቀማጭ መድን ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኤፍዲአይሲ፣ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ልጅ ነው። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9 ሺህ ገደማ ባንኮች ወድቀዋል። ሕጉ በ1933 ወጣ፤ መድኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ሥራ ጀመረ። ያኔ ሽፋኑ 2,500 ዶላር ነበር። 250 ሺህ የደረሰው በ2008ቱ ቀውስ ጊዜ ነው። ከ1934 እስከ ዛሬ በመድኑ ከተሸፈነ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ያጣ አስቀማጭ የለም። የመድኑን አረቦን የሚከፍሉት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ገንዘቡም መድን ፈንድ ውስጥ ይገባል።

ተቋሙ ሁለት ሥራ አለው። ሁለቱን ካላምታታችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል። አንደኛ፣ መድን ሰጪ ነው፤ ለተሸፈነው ገንዘብ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ አጣሪ ነው። የውርስ አጣሪ የሚሠራውን አስቡት፤ የሟቹን ንብረት ይቆጥራል፣ ይሸጣል፣ ዕዳውን በሕግ ቅደም ተከተል ይከፍላል። ኤፍዲአይሲም ለሞተው ባንክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አገር ቤትም አሁን ተመሳሳይ ነገር አለ። በደንብ ቁጥር 482/2013 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሥራ ሲጀምር ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር እንዲሸፍን ሆኖ ነው። የኢትዮጵያው ገና ለጋ ነው፤ የአሜሪካው ግን ብዙ የቀበረ ስለሆነ አሠራሩን ከእሱ መማር ይሻላል።

2. ሽፋናችሁን ዛሬ ቁጠሩ

ይህ ደረጃ ባንኩ ጤነኛ ሳለ የሚሠራ ነው። ከዘጋ በኋላ ምንም ማስተካከል አይቻልም።

250 ሺህ ዶላሩ የሚቆጠረው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የባለቤትነት ዓይነት ነው። ባልና ሚስት በየግላቸው 250 ሺህ፣ በጋራ ሂሳባቸው ደግሞ 500 ሺህ ቢኖራቸው፣ በአንድ ባንክ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ማለት ነው። የጡረታ ሂሳብ ለብቻው 250 ሺህ አለው። ወራሽ ተመዝግቦበት የተቀመጠ ሂሳብ ደግሞ በወራሹ ቁጥር ይባዛል፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ እስከ አምስት ወራሽ፣ ማለትም እስከ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ባለቤት ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም "ሂሳቡን ለሦስት እንክፈለው፤ የሕንፃ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የዕለት ወጪ" አለ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሦስቱም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስም፣ በአንድ ባንክ ከሆኑ ኤፍዲአይሲ ይደምራቸዋል፤ ያው 250 ሺህ ነው። የሚጠቅመው ባንኩን መለየት ነው። እኛም በዚያው ሳምንት በሦስት ባንኮች፣ በየአንዳንዳቸው 204 ሺህ አደረግነው። ወለዱ እየተጨመረ ቢሄድም ቦታ አለው።

እቁብ የምትሰበስቡም አስቡበት። ገንዘቡ በሰብሳቢው የግል ስም ከተቀመጠና የባንኩ መዝገብ የሌሎች መሆኑን ካላሳየ፣ ከሰብሳቢው የራሱ ቁጠባ ጋር ተደምሮ ነው የሚቆጠረው።

ባንክ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የተሸፈነ አይደለም። አክሲዮን፣ ሚውቿል ፈንድ፣ ክሪፕቶ የመድኑ ጉዳይ አይደሉም። በባንኩ ሳጥን ያስቀመጣችሁት ወርቅም አይሸፈንም። ስልክ ላይ ያለ አፕም ባንክ አይደለም። በ2024 አፖችን ከባንክ የሚያገናኘው ሲናፕስ የተባለው ኩባንያ ሲከስር በሱ በኩል ገንዘብ ያስቀመጡ ብዙ ሰዎች ሂሳባቸው ተዘጋባቸው። ኤፍዲአይሲ አልከፈላቸውም፤ የወደቀው መሐል ያለው ድርጅት እንጂ ባንክ አልነበረምና።

3. ከመዘጋቱ በፊት በዝግ በር የሚሠራው

ባንክን የሚዘጋው ኤፍዲአይሲ አይደለም፤ ፈቃድ የሰጠው የግዛቱ ወይም የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ነው። የባንኩ የራሱ ካፒታል ከሀብቱ 2 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ሕጉ በመደበኛነት በ90 ቀን ውስጥ አጣሪ እንዲሾም ያዛል።

በእነዚህ ሳምንታት ኤፍዲአይሲ ገዢ ይፈልጋል። ጤነኛ ባንኮችን ይጋብዛል። ምስጢር እንዲጠብቁ ያስፈርማቸዋል። የሚወድቀውን ባንክ መዝገብ በኮምፒውተር ከፍቶ ያሳያቸዋል። እነሱም አይተው በዝግ ጨረታ ዋጋ ያቀርባሉ። ሁሉም በድብቅ ነው። ወሬው ከወጣ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይሮጣል፣ ባንኩም ከቀኑ በፊት ይሞታል።

ሲሊከን ቫሊ ባንክ የሞተው እንደዚያ ነው። የደንበኞቹን ገንዘብ የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዝቶበት ነበር። ወለድ ሲጨምር የቦንዱ ዋጋ ወረደ። ሐሙስ ማርች 9 በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት። ለማግስቱ ደግሞ 100 ቢሊዮን ገደማ ሊወጣ ተሰልፎ ነበር። አርብ እስኪመሽ እንኳ አልተጠበቀም፤ በጠዋት ተዘጋ። የተዘጋጀ ገዢ አልነበረም።

4. ሦስቱ መንገዶች

ሕጉ ኤፍዲአይሲን ለመድን ፈንዱ ወጪው አነስተኛ የሆነውን መንገድ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

የተለመደው ለሌላ ባንክ መሸጥ ነው። ገዢው ተቀማጩን ይረከባል፤ ከብድሩም የሚፈልገውን ወይም ሁሉንም ይወስዳል። በሴፕቴምበር 2008 ዋሽንግተን ሚውቿል 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ይዞ ሲወድቅ ጄፒ ሞርጋን በ1.9 ቢሊዮን ገዛው። በታሪካቸው ትልቁ የባንክ ውድቀት ነው፤ መድን ፈንዱ ግን ምንም አላወጣም።

ገዢ ከጠፋ ኤፍዲአይሲ ራሱ ለአስቀማጮቹ ይከፍላል። ይህ ብዙ አይደረግም።

ሦስተኛው ድልድይ ባንክ ነው። ኤፍዲአይሲ ጊዜያዊ ባንክ አቋቁሞ ገዢ እስኪገኝ ያስተዳድረዋል። ሲሊከን ቫሊ ከማርች 13 ጀምሮ እንደዚያ ቆየ፤ ማርች 26 የሰሜን ካሮላይናው ፈርስት ሲቲዝንስ ገዛው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በማርች 12 እሁድ ማታ መንግሥት የሲሊከን ቫሊና በዚያው ቀን የተዘጋው የኒው ዮርኩ ሲግኔቸር ባንክ አስቀማጮች ከ250 ሺህ በላይ ያለውንም ሙሉውን ያገኛሉ አለ። ይህ ለአገሪቱ የገንዘብ ሥርዓት አደጋ ነው ተብሎ ሲታመን ብቻ የሚፈቀድ ልዩ ውሳኔ ነው። የኤፍዲአይሲንና የማዕከላዊ ባንኩን ቦርዶች ድምፅ፣ የገንዘብ ሚኒስትሯን ፊርማና ከፕሬዚዳንቱ ጋር ምክክር ጠይቋል። ለሰፈራችሁ ትንሽ ባንክ ይህ ይደረጋል ብላችሁ አትጠብቁ።

5. ሰኞ ጠዋት

ባንካችሁ አርብ ተዘጋ እንበል። አትሩጡ። ዴቢት ካርዱ ቅዳሜና እሁድም በአብዛኛው ይሠራል። ለሌላ ባንክ ከተሸጠ ቼካችሁ ያልፋል፤ ደመወዛችሁም እንደወትሮው ይገባል። ማድረግ ያለባችሁ የመጨረሻውን የሂሳብ መግለጫ ማተምና የባንኩን ስም በኤፍዲአይሲ ድረ ገጽ መፈለግ ነው፤ ለእያንዳንዱ የወደቀ ባንክ ገጽ አለው። ስልካቸው 877-275-3342 ነው። ራሳችሁ ደውሉ። "ከኤፍዲአይሲ ነኝ" ብሎ ደውሎ የሂሳብ ቁጥርና የምስጢር ቁጥር የሚጠይቃችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ዝጉበት።

የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ፣ ሲዲ የምትሉት፣ ካላችሁ አዲሱ ባንክ ወለዱን ሊቀንስ ይችላል። እናንተም ያለ ቅጣት ማውጣት ትችላላችሁ። በገዢው ባንክ ቀድሞም ሂሳብ ከነበራችሁ ሁለቱ ቢያንስ ለስድስት ወር ለየብቻ ይሸፈናሉ። ቀኑን ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ይደመራል።

ዕዳ ያለባችሁ ደግሞ፣ ባንኩ ሞተ ማለት ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም። ውሉ እንዳለ ነው። ክፍያው ወዴት እንደሚላክ የሚገልጽ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፤ እስኪመጣ በድሮው አድራሻ መክፈላችሁን ቀጥሉ።

ለባንኩ አገልግሎት የሰጣችሁና ያልተከፈላችሁስ? ጽዳት የሠራ፣ ምግብ ያቀረበ፣ ቤት ያከራየ ሰው መድን የለውም። ጥያቄውን በጽሑፍ ለአጣሪው ማቅረብ አለበት። ማስታወቂያው ላይ የመጨረሻ ቀን ይጻፋል፤ ከ90 ቀን አያንስም። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡም አለፈ። አጣሪው በ180 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ካልተቀበላችሁ ፍርድ ቤት ለመሄድ 60 ቀን አላችሁ።

6. ከ250 ሺህ በላይ የነበረው

በኦክቶበር 2024 ኦክላሆማ ውስጥ ፈርስት ናሽናል ባንክ ኦፍ ሊንድሲ የሚባል ትንሽ ባንክ ተዘጋ። የተሸፈነውን ገንዘብ ሌላ ባንክ ተረከበ። ከሽፋን በላይ የነበራቸው ሰዎች ግን ወዲያው ያገኙት ከሽፋኑ ያለፈውን ገንዘብ ግማሽ ነው። በ2008 የካሊፎርኒያው ኢንዲማክ ሲወድቅም እንዲሁ ግማሹ ነበር የተሰጠው፤ ሰዎች በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ታይተዋል።

የእኛን 612 ሺህ በዚህ ስሌት ላስላው። 250 ሺው ሰኞ ይገኛል። የቀረው 362 ሺህ ነው። ግማሹ፣ 181 ሺህ፣ ቅድሚያ ይከፈላል። ሌላው 181 ሺህ ወረቀት ይሆናል፤ አጣሪው "ይህን ያህል ትጠይቀኛለህ" ብሎ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት። ንብረቱ በተሸጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይከፈልበታል። ስንት እንደሚመለስ በዚያን ቀን ማንም አያውቅም። የግድግዳው ሥራ ሊጀመር ኮንትራት በተፈረመበት ሳምንት ይህ ቢመጣ ምን እንደምንሆን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል።

አንድ የሚረሳ መብት አለ። በዚያው ባንክ፣ በዚያው ስም ብድር ካለባችሁ፣ ያልተሸፈነው ገንዘብ ከዕዳችሁ ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያኗ እዚያው 300 ሺህ ዕዳ ቢኖርባት፣ ወረቀት ከመያዝ ዕዳዋን ማቃለል ይሻላታል። ቅድሚያ ክፍያውን ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

7. ንብረቱ እንዴት ይሸጣል

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ይህ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ባንክ ማለት ብር የሞላበት ካዝና ይመስለዋል። የባንክ ሀብት በአብዛኛው የሰው ዕዳ ነው፤ የእናንተ የቤት ብድር፣ የጎረቤታችሁ ነዳጅ ማደያ፣ ያላለቀ ፎቅ። አጣሪው የሚሸጠው ይህን ነው።

ቀላሉ ቦንድ ነው፤ ገበያ አለው። ያም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሲሊከን ቫሊና ከሲግኔቸር የቀረው ቦንድ 114 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኤፍዲአይሲ ብላክሮክ የተባለውን የገንዘብ አስተዳዳሪ ኩባንያ ቀጥሮ ቀስ በቀስ አሸጠው። በአንድ ቀን ቢያፈሰው የሌሎቹንም ባንኮች ቦንድ ዋጋ ያወርደው ነበር።

ብድር ይከብዳል። ፈርስት ሲቲዝንስ የሲሊከን ቫሊን 72 ቢሊዮን ዶላር ብድርና ሌላ ሀብት የወሰደው 16.5 ቢሊዮን ተቀንሶለት ነው። ሰው "ስጦታ ነው" አለ። ግን አስቡት፤ ገበያው 7 በመቶ ሲከፍል በ3 በመቶ የተሰጠ የ100 ሺህ ዶላር ብድር፣ ተበዳሪው አንድ ወር ባያሳልፍም፣ ማንም በ100 ሺህ አይገዛውም። ከዚያ ላይ ገዢው የማያውቀው ብድር ነው። የማያውቀውን ሲገዛ ይፈራል፤ ሲፈራ ዋጋ ይሰብራል።

ለዚህ ነው ኪሳራ መጋራት የመጣው። በሜይ 2023 ጄፒ ሞርጋን የወደቀውን ፈርስት ሪፐብሊክ ባንክን ሲገዛ፣ ብድሮቹ ላይ ኪሳራ ቢመጣ 80 በመቶውን ኤፍዲአይሲ እንደሚሸከም ተስማሙ። መቶ በመቶ ያልሆነበት ምክንያት አለው። ገዢው ራሱ ካልተጎዳ ዕዳውን ተከታትሎ አይሰበስብም።

ገዢ ያልወሰደው ብድር በአጣሪው እጅ ይቀራል። አጣሪው በዓይነት፣ በቦታ፣ የሚከፈለውንና የቆመውን ለይቶ ይደለድላል። ፋይሎቹን ለተጫራቾች ይከፍታል፤ ከዚያ ዝግ ጨረታ።

ያላለቀ ሕንፃ ላይ የተሰጠ ብድርስ? የቺካጎው ኮረስ ባንክ በሴፕቴምበር 2009 ሲወድቅ ትቶት የሄደው በብዛት የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብድር ነበር። ገበያው ሞቷል። ግንባታው ቆሟል። የቆመ ሕንፃ ደግሞ በየወሩ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ይገባዋል፣ ሥራ ተቋራጩ ይከሳል። ያኔ በጥሬው መሸጥ መጣል ነበር። ኤፍዲአይሲ 4.5 ቢሊዮን የሚሆነውን ብድር አንድ ኩባንያ ውስጥ አስገባና 40 በመቶውን ስታርውድ ካፒታል ለሚመራው ቡድን በ554 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። 60 በመቶውን ራሱ ያዘ። የግል ባለሙያዎቹ ሕንፃውን ጨርሰው ይሸጣሉ፤ ገበያው ሲያገግም ፈንዱም ድርሻውን ያገኛል። የእርሻ የእኩል ውል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አንዱ መሬቱን፣ ሌላው በሬና ጉልበቱን ያመጣል።

ይህን መንገድ ከ1989 እስከ 1995 ድረስ 747 የቁጠባ ተቋማትን ካጣራው ከሪዞሉሽን ትረስት ኮርፖሬሽን ነው የተማሩት። በሲግኔቸርም ደገሙት። ባንኩ ኒው ዮርክ ውስጥ ኪራያቸው በሕግ በተገደበ አፓርትመንቶች ላይ ብዙ አበድሮ ነበር። ኤፍዲአይሲ ከዚህ ብድር ብዙውን ድርሻ ይዞ፣ 5 በመቶውን ለተመጣጣኝ ኪራይ ቤቶች ለሚሠሩ ድርጅቶች ስብስብ ሸጠ። ሕጉ በእንዲህ ዓይነት ቤት ላይ ያለ ብድር ሲሸጥ ተከራዩ እንዲታሰብ ያዛል። ከፍተኛ ዋጋ መፈለግና ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ መጠበቅ ሁልጊዜ አይገጥሙም። እዚህ ላይ ትክክል የሠሩ ይመስለኛል።

በዕዳ የተወሰዱ ቤቶችና መሬቶች በደላላና በጨረታ ይሸጣሉ። ዝርዝሩ ይፋ ነው፤ እናንተም መግዛት ትችላላችሁ። ግን የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ለማን ትጮኻላችሁ? ባለሙያ ሳታስገቡ አትጫረቱ።

የመጨረሻው ንብረት ክስ ነው። አጣሪው ባንኩን የጣሉትን ኃላፊዎች መክሰስ ይችላል፤ የሚገኘው ገንዘብ ከሌላው ንብረት ጋር ይደመራል። በጃንዋሪ 2025 ኤፍዲአይሲ 17 የቀድሞ የሲሊከን ቫሊ ባንክ ኃላፊዎችንና የቦርድ አባላትን ከሷል።

8. ክፍፍሉ

ከሽያጩ መጀመሪያ የአጣሪው ወጪ ይነሳል። ቀጥሎ አስቀማጮች ናቸው። ኤፍዲአይሲ በከፈለላቸው ሰዎች ቦታ ገብቶ፣ ሽፋን ከሌላቸው አስቀማጮች ጋር እኩል ተሰልፎ በየድርሻው ይወስዳል። ይህ ቅድሚያ በ1993 ነው በሕግ የገባው። ከዚያ ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች፣ ከዚያ የበታች ዕዳ የያዙ (ከሌላው በኋላ ሊከፈላቸው ተስማምተው ያበደሩ)፣ መጨረሻ ላይ ባለአክሲዮኖች። ለእነሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይተርፍም።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። ለዚህ ነው አድራሻ ትልቅ ነገር የሆነው። የምስክር ወረቀቱ ክፍያ የሚላከው በመዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። የተሸፈነ ገንዘብም ቢሆን በ18 ወር ውስጥ ባለቤቱ ካልጠየቀው ወደ ግዛቱ መንግሥት ይተላለፋል። የእኛ ማኅበራት ገንዘብ ያዥ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ደብዳቤው ግን የድሮው ገንዘብ ያዥ ቤት መሄዱን ይቀጥላል። ኮሚቴያችን በሦስቱም ባንኮች ያለውን አድራሻ ከሰው ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ፖስታ ሳጥን አዛውሯል። የሦስቱን ባንኮች ስምና መጠኑን ጽፈን ለእኚያ እናትም ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አነበቡት።